ድመቴ የአቢሲኒያን ዘር አለባት ወይስ መልኳ ብቻ ነው?

የዳማ_እናት
ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ። ዳማ የምላት ሴት ድመት አለችኝ። እናቷን አውቃታለሁ፣ ጎኗ ላይ ቀጥ ቀጥ ያለ ጥቁር መስመር ያላት የጎረቤት ድመት ናት። አባትየውን ግን ያየው ሰው የለም። ዳማ እናቷን በምንም አትመስልም። ጀርባዋና ጎኗ ላይ አንድም መስመር፣ አንድም ነጥብ የለም። ከሩቅ ሲያዩዋት ቀይ ዳማ ናት። ጠጋ ብዬ ጸጉሯን በጣቴ ወደኋላ ስገልጠው ግን እያንዳንዱ ጸጉር ለብቻው ቀለም የተፈራረቀበት ነው፤ ሥሩ ፈዛዛ ብርቱካናማ፣ ከዚያ ጠቆር ያለ፣ ከዚያ እንደገና ፈካ ያለ፣ ጫፉ ጥቁር። ጆሮዋ ትልልቅ ነው። ዓይኗ ደግሞ ዙሪያውን የተኳለ ነው የሚመስለው።

ባህሪዋም ለየት ይላል። ከፍ ያለ ቦታ ካላገኘች አትቀመጥም። መሳቢያ ስከፍት ጭንቅላቷን ከትታ ካላየች አይሆንላትም። አንድ እንግዳ መጥቶ አያትና «ይቺማ አቢሲኒያን የሚባለው የድመት ዝርያ ናት» አለኝ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ፎቶ ሳነጻጽር ነው የማመሸው። እውነት ይሆን? የምጠይቀው ለኩራት ብዬ አይደለም። አንዳንድ ዝርያ የራሱ በሽታ አለው ሲባል ስለሰማሁ ቀድሜ ማወቅ እፈልጋለሁ። ከየት እንደመጣችም ማወቅ ያጓጓኛል፣ አልዋሽም።

ቡራቡሬ
እህቴ አትጠራጠሪ፣ አባቷ አቢሲኒያን ነው! የጸጉሩ አገላለጽሽ ቁርጥ እሱ ነው። ከፍታ መውደዱም፣ ሰው እግር ሥር መከተሉም የነሱ ጠባይ ነው። ዘር ከልጓም ይስባል ይባል የለ።

የመዳፍ_ሐኪም
የዳማ እናት፣ ሰላም። የእንስሳት ሐኪም ነኝ፣ ይህ ጥያቄ በየሳምንቱ ይመጣብኛል ማለት ይቻላል። ከመመለሴ በፊት ሦስት ነገር እይልኝ። የፊት እግሮቿን በውስጥ በኩል፣ ጅራቷን፣ ግንባሯን። እዚያ መስመር አለ ወይስ የለም? ጥሩ ብርሃን ባለበት እይ፣ አንዳንዴ ፈዝዞ ነው የሚታየው።

ቡራቡሬ፣ በጠባይ መፍረድ ግን አይሆንም። ከፍታ የማይወድ ጤነኛ ድመት እስካሁን አላጋጠመኝም። መሳቢያ ውስጥ መግባትም እንዲሁ።

የዳማ_እናት
ዶክተር አመሰግናለሁ፣ አሁን አየኋት። የፊት እግሮቿ ውስጥ በኩል ሁለት ሦስት የእጅ አምባር ዓይነት ቀለበት አለ፣ ፈዘዝ ያለ ግን ግልጽ። ጅራቷ ላይም ቀለበት ቀለበት አለ፣ ጫፉ ጥቁር ነው። ግንባሯ ላይ ደግሞ እንደ ላቲኑ «ኤም» ያለ ምልክት አለ። አንገቷ ሥርም የተቆራረጠ ሐብል የመሰለ መስመር አየሁ፣ እሱን እስከ ዛሬ ልብ አላልኩትም ነበር።

ቤተ_ሙከራ
እኔ ልቀጥል ዶክተር ከፈቀዱልኝ፣ የዘረመል ነገር ሥራዬ ነው።

የዳማ ጸጉር ዓይነት ቲክድ ይባላል። ጎን ላይ መኖር የነበረበትን መስመርና ነጥብ አጥፍቶ ቀለሙን በእያንዳንዱ ጸጉር ላይ የሚያፈራርቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ምክንያቱ ዲኬኬ4 በሚባል ጂን ላይ ያለ ለውጥ መሆኑን አሳይቷል። ባህሪው እንዲታይ ከአንድ ወላጅ ብቻ መምጣቱ ይበቃዋል። ከሁለቱም ከመጣ ድመቷ እግሯም ጅራቷም ከሞላ ጎደል ንጹህ ይሆናል። ከአንዱ ብቻ ከመጣ ግን ሰውነቷ ንጹህ ሆኖ እግር፣ ጅራትና አንገት ላይ ትራፊ መስመር ይቀራል። አሁን እንደገለጽሽው ማለት ነው። የአቢሲኒያን አርቢዎች ለብዙ ትውልድ ሲያጠፉ የኖሩት በትክክል ይህን የእግርና የአንገት መስመር ነው።

አሁን ወደ እናቷ እንምጣ። እናቷ ጎኗ ላይ መስመር ካላት ይህን ጂን አልያዘችም፣ ብትይዝ ኖሮ መስመሩ ባልታየ። ስለዚህ ለዳማ የሰጣት አባቷ ነው። ማንም ያላየው ድመት ቲክድ እንደነበር በእርግጠኝነት መናገር ይቻላል ማለት ነው! ይህ ቀላል ነገር አይደለም፣ ስለ ጠፋ አባት ይህን ያህል ማወቅ።

ግን ቲክድ መሆንና አቢሲኒያን መሆን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይህ ጸጉር ዝርያ በሌላቸው ድመቶች ላይ በብዙ የዓለም ክፍል አለ። አቢሲኒያን ላይ ብቻ የሚገኝ አይደለም፣ አርቢዎች መርጠው ሁሉም ላይ እንዲሆን አደረጉት እንጂ። አባቷ አቢሲኒያን ሊሆን ይችላል ወይ? ይችላል። መንገድ ላይ የሚኖር ቲክድ ድመት የመሆን ዕድሉ ግን እጅግ ይበልጣል፣ ምክንያቱም የተመዘገበ አቢሲኒያን ወንድ ሳይኮላሽ ሌሊት ብቻውን ሲዞር የሚተውለት ባለቤት ከስንት አንድ ነው።

ቡራቡሬ
እሺ፣ ይሄን አላውቅም ነበር። ግን ስሙ አቢሲኒያን አይደል? መነሻው ከዚያው አይደለም እንዴ? ታዲያ በዚያ አካባቢ ያለ ቲክድ ድመት ሁሉ የዘሩ ቅርንጫፍ አይሆንም?

መዝገብ_ገላጭ
ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ስሙ ብዙ ሰው ያሳስታል።

ታሪኩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1868 ነው። የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ዘመቻ ሲመለስ አንድ መኮንን አንዲት ድመት ይዞ ሄደ ይባላል። ስሟ ዙላ ነበር፣ ጦሩ ከመርከብ በወረደበት የቀይ ባሕር ዳርቻ ስም የተጠራች ትመስላለች። በ1871 ለንደን ክሪስታል ፓላስ ውስጥ ትልቅ የድመት ውድድር ተካሄደ፣ የዛሬው የድመት ትርኢት ሁሉ መነሻ የሚባለው እሱ ነው። እዚያም «ከአቢሲኒያ የመጣች» የተባለች ድመት ሽልማት አገኘች። በ1874 ደግሞ ጎርደን ስቴብልስ የሚባል ስኮትላንዳዊ ሐኪም ባሳተመው የድመት መጽሐፍ ላይ የዙላ ሥዕል ወጣ። ሥዕሉን አይታችሁት ከሆነ ጆሮዋ ትንንሽ ነው። የዛሬዎቹን አቢሲኒያኖች አትመስልም። ዙላን ከዛሬዎቹ ጋር የሚያገናኝ አንድም የዘር ሐረግ ወረቀት የለም።

በሌላ በኩል ኔዘርላንድስ ላይደን ከተማ ባለው የተፈጥሮ ሙዚየም ከዙላ ሠላሳ ዓመት ቀድማ የገባች ቲክድ ድመት ቆዳዋ ተሞልቶ ይገኛል። መለያዋ ላይ የትውልድ አገሯ ሕንድ ተብሎ ነው የተጻፈው። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ የዘረመል ጥናቶችም የዝርያውን መነሻ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻና ወደ እስያ ነው የሚያመለክቱት። የእንግሊዝና የደች የንግድ መርከቦች እነዚያን ወደቦች ሲመላለሱባቸው እንደነበር ስታስቡት ነገሩ ይገባል። ዝርያው የተሠራው ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ ነው፣ ከአገሬው ድመቶች ጋር እየተዳቀለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እዚያም ሊያልቅ ትንሽ ነበር የቀረው።

ስለዚህ ቡራቡሬ ወንድሜ፣ ስሙ የቦታ ማስረጃ አይሆንም። ረጅም ጸጉር ያለው አቢሲኒያን «ሶማሊ» የተባለውም ሶማሊያ ጎረቤት አገር ስለሆነች ብቻ ነው፣ ድመቷ ከዚያ አልመጣችም።

ግራጫ_ጥላ
ውይይቱን ጠለፍኩ አትበሉኝ፣ የኔም ጥያቄ ተመሳሳይ ነው። ድመቴ ከራስ ጸጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ግራጫ ነው፣ ፊቱ ክብ፣ ጉንጩ ድብልብል ያለ። ሰው ሁሉ ራሺያን ብሉ ይለዋል። ነው?

የመዳፍ_ሐኪም
ግራጫ ጥላ፣ ዓይኑ ምን ዓይነት ነው? የተኮላሸውስ መቼ ነው?

ግራጫ_ጥላ
ዓይኑ ቢጫ ነው፣ ወደ ብርቱካን የሚያደላ። የተኮላሸው ካደገ በኋላ ነው፣ ከመንገድ ነው ያነሳሁት።

የመዳፍ_ሐኪም
እንግዲያው የጉንጩ ነገር ተፈታ። ሳይኮላሽ ያደገ ወንድ ድመት ጉንጩ ይወፍራል፣ በወንዴ ሆርሞን ምክንያት ነው። ዘግይቶ ከተኮላሸ ያ ጉንጭ እንዳለ ሊቀር ይችላል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ ብሪቲሽ ሾርትሄር ነው ይላል።

ራሺያን ብሉ ዓይኑ አረንጓዴ ነው፣ ፊቱም ክብ አይደለም፣ አካሉ ቀጠን ይላል፣ ጸጉሩ ሁለት ድርብ ሆኖ ጫፉ የብር ቀለም አለው። ዓይኑ ብርቱካናማ የሆነው ግራጫ ዝርያ ሻርትሩ ነው። ኮራት የሚባለውም ግራጫ ነው። አየህ፣ ግራጫው ቀለም ብቻውን አራት ዝርያ ላይ አለ፣ ተራ ድመት ላይ ደግሞ ቁጥር ስፍር የለውም። ጥቁሩን ቀለም የሚያሳሳ አንድ ጂን ነው፣ ከእናትም ከአባትም ከመጣ ግራጫ ይሆናል። ሁለት ጥቁር ድመቶች ሳይታይባቸው ተሸክመውት ግራጫ ልጅ ሊወልዱ ይችላሉ።

ሰማያዊ_ዓይን
ይሄ «ሳይታይባቸው ተሸክመውት» ያሉት ነገር የኔንም ጥያቄ ነካው። ድመቴ ከወለደቻቸው አንዷ ጆሮዋ፣ አፍንጫዋ፣ እግሯና ጅራቷ ቡናማ ሆኖ ሌላው አካሏ ክሬም ነው፣ ዓይኗ ሰማያዊ። ስትወለድ ግን ነጭ ነበረች፣ ቀለሙ ቀስ እያለ ነው የመጣው። እህት ወንድሞቿ ጥቁርና ዝንጉርጉር ናቸው። እናቷ ጥቁር ናት። የሲያሚዝ አባት አግኝታ ይሆን?

ቤተ_ሙከራ
የምወደው ጂን ይሄ ነው። ቀለም የሚሠራው ኢንዛይም ሙቀት ሲበዛበት ሥራ ያቆማል። ሰውነቷ መሃል ሞቃት ስለሆነ ፈዛዛ ይሆናል፣ ጫፍ ጫፉ ቀዝቀዝ ስለሚል ይጠቁራል። ማኅፀን ውስጥ ሁሉም ቦታ ሞቃት ነው፣ ለዚህ ነው ነጭ ሆና የተወለደችው። ለሕክምና ጸጉሯ ቢላጭ የተላጨው ቦታ ቀዝቅዞ ጠቆር ብሎ ሊበቅል ይችላል፣ ያኔ እንዳትደነግጡ።

ይህም ከሁለቱም ወላጅ ካልመጣ አይታይም። ስለዚህ ጥቁሯ እናት ተሸካሚ ናት። አባትየውም ወይ ተሸካሚ ነው ወይ ራሱ እንደዚያ ነው። ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ፤ በአንድ እርግዝና የተወለዱ ድመቶች የተለያየ አባት ሊኖራቸው ይችላል። አንዷ ከሌሎቹ ፍጹም ብትለይ እሱም አንድ ምክንያት ነው።

ይህ ጂን መነሻው ደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው፣ እዚያ በተራ ድመቶችም ላይ በብዛት አለ። ስለዚህ ከቅድመ አያቶቿ አንዱ ከዚያ የመጣ መሆኑ አይቀርም። ያ ቅድመ አያት የተመዘገበ ሲያሚዝ ይሁን የመርከብ ድመት ግን ጂኑ አይነግረንም።

ባለ_ጎፈሬ
ይቅርታ ግን ሁሉንም «ተራ ነው» እያላችሁ ማፍረስ ልክ አይመስለኝም። የኔ ድመት ጸጉሩ ረጅም ነው፣ ጅራቱ መጥረጊያ ያክላል፣ ጆሮው ጫፍ ላይ ጸጉር አለው፣ ግንባሩ ላይ «ኤም» አለ፣ ክብደቱም ከስድስት ኪሎ በላይ ነው። ይህ ሁሉ ተሰብስቦ ሜይን ኩን ካልሆነ ምንድን ነው? በአጋጣሚ ነው የምትሉኝ?

ነጭ_ካልሲ
እኔም በባለ ጎፈሬ እስማማለሁ። አንድ ምልክት ሲሆን እሺ፣ አምስት ሲሆን ግን ይከብዳል።

ቤተ_ሙከራ
ባለ ጎፈሬ፣ ጥያቄህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ አንድ በአንድ እንየው።

ግንባር ላይ ያለው «ኤም» መስመር ያለው ድመት ሁሉ ላይ አለ፣ ዳማም እንዳላት አይተሃል። እሱን አውጣው። ረጅም ጸጉር ኤፍጂኤፍ5 ከሚባል ጂን ነው የሚመጣው፣ ለውጦቹ ከአንድ በላይ ናቸው፣ አጭር ጸጉር ያላቸው ሁለት ወላጆች ረጅም ጸጉር ያለው ሊወልዱ ይችላሉ። ጸጉሩ ረጅም ሲሆን ደግሞ ጅራቱም ይጎፍራል፣ የጆሮውም ጫፍ ይረዝማል። ስለዚህ አምስት ምልክት የመሰለህ በአብዛኛው የአንድ ጂን ሥራ ነው። ስድስት ኪሎ ደግሞ ትልቅ ድመት ነው፣ ግን በደንብ የተያዘ ተራ ወንድ ድመት ይደርስበታል። ሜይን ኩን ወንድ ስምንትና ከዚያም በላይ ሊሄድ ይችላል፣ እድገቱም ዘገምተኛ ነው፣ ሦስት ዓመት አልፎትም ይሞላል።

መልክ ማየት ካለብህ አፉን እይ። ሜይን ኩን አፍና አገጩ ሰፊ፣ አራት ማዕዘን ሆኖ ወደ ፊት የወጣ ነው፣ ከጎን ስታየው በግልጽ ይለያል። እሱ በአንድ ጂን የሚመጣ አይደለም፣ የአርቢ ሥራ ነው። በአጋጣሚ ሲገኝ ብዙም አላየሁም።

ባለ_ጎፈሬ
አፉን አየሁት። ሹል ነው። ስለ ማብራሪያው አመሰግናለሁ፣ የጆሮውና የጅራቱ ነገር ከአንድ ቦታ እንደሚመጣ አስቤው አላውቅም። ቢሆንም የዲኤንኤ ምርመራ ብናደርግለት አይለይም?

ሌሊት_ነቂ
ዲኤንኤ ላይ የኔን ልንገርህ። ለጉንጭ ናሙና መውሰጃውን ልከውልኝ አሠራሁ። ውጤቱ ሲመጣ ከዚህ ዝርያ ይህን ያህል፣ ከዚያ ዝርያ ያን ያህል የሚል ሰንጠረዥ ነው። የፐርሺያን ድርሻ አለው ይላል። ድመቴ ግን ጸጉሩ አጭር፣ አፍንጫው ረጅም ነው። ግራ ገባኝ።

ቤተ_ሙከራ
ሌሊት ነቂ፣ የሰንጠረዡን አሠራር ካወቅህ ግራ አያጋባህም። ምርመራው የሚሠራው የድመትህን ዲኤንኤ ከተመዘገቡ ዝርያዎች ስብስብ ጋር በማነጻጸር ነው። የሚነግርህ «ለማን ይቀርባል» የሚለውን ነው። «ከማን ተወለደ» የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 ስለ ድመት ዝርያዎች አመጣጥ አንድ ትልቅ ጥናት ወጥቶ ነበር። ከመላው ዓለም የተሰበሰቡ ተራ ድመቶችንና ዝርያዎችን ጎን ለጎን አነጻጸረ። ፐርሺያን በስሙ የፋርስ ነው፣ በዲኤንኤው ግን ከምዕራብ አውሮፓ ተራ ድመቶች ጋር ነው የተመደበው። ኤግዞቲክ የሚባለው ዝርያ ከፐርሺያን፣ ሲንጋፑራ የሚባለው ከበርሚዝ ለመለየት እንኳ አስቸጋሪ ሆኗል። ስለዚህ የአውሮፓ ድመት ደም ያለበት ተራ ድመት ሲመረመር «የፐርሺያን ድርሻ» ቢወጣለት ምንም አይገርምም። ፐርሺያን ከዚያው ሰፈር የወጣ ዝርያ ስለሆነ ነው።

እኔ ለሰው ሁሉ የምለው ይህንን ነው፤ አቅጣጫውን ገልብጣችሁ እዩት። እኛ ድመታችን ዝርያ ስትመስል ከዝርያው የወረደች ይመስለናል። በአብዛኛው ግን ዝርያው ነው እሷን ከመሰሉ ድመቶች የወጣው። ድመት ከሰው ጋር መኖር ከጀመረ ወደ አሥር ሺህ ዓመት ይጠጋል። ቆጵሮስ ደሴት ላይ ከሰው ጋር አብሮ የተቀበረው ድመት 9,500 ዓመት ገደማ ነው የተሰጠው። አብዛኞቹ ዝርያዎች ግን ከ150 ዓመት አይበልጡም። ከዚያ በፊት የነበረው ሁሉ ዛሬ ተራ የምንለው ድመት ነው።

የመዳፍ_ሐኪም
ቤተ ሙከራ ያሉትን የሚያጠናክር ነገር ልጨምር። ስፊንክስ የሚባለው ጸጉር የሌለው ዝርያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1966 ካናዳ ቶሮንቶ ውስጥ ተራ ድመት ከወለደችው አንድ መላጣ ልጅ ነው። ጸጉሩ የሚጠቀለለው ኮርኒሽ ሬክስ በ1950 እንግሊዝ ውስጥ ከእርሻ ቤት ድመት ነው የተወለደው። ጆሮው ወደኋላ የሚታጠፈው አሜሪካን ከርል በ1981 ካሊፎርኒያ ውስጥ ከደጅ ከመጣች ድመት ነው የተጀመረው። ስኮቲሽ ፎልድ ደግሞ በ1961 ስኮትላንድ ውስጥ እርሻ ላይ ከተገኘች ሱዚ ከተባለች ነጭ ድመት። የነዚህ ሁሉ እናት ወረቀት አልነበራትም።

ስኮቲሽ ፎልድን ካነሳሁ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ጆሮውን የሚያጥፈው ጂን የሰውነቱን ለምለም አጥንት በሙሉ ነው የሚጎዳው። ጅራቱ ይደርቃል፣ እግሩ ያብጣል፣ መገጣጠሚያው ያመዋል። ጆሮው የታጠፈ ሁሉ ይብዛም ይነስም አለበት። ክፍል ውስጥ ሳያቸው ጠረጴዛ ላይ መዝለል እያማራቸው የሚተዉትን አይቻለሁ። «ንጹህ ዝርያ ነው» ሲባል ጤነኛ ነው ማለት አይደለም፣ እባካችሁ ይህን ለሰው ንገሩ።

አንድ ነገር ደግሞ፤ ያደገ ድመት ጆሮው በድንገት ቢታጠፍ ዘር አይደለም፣ ጆሮው ውስጥ ደም ቋጥሮ ይሆናል፣ ቶሎ ሐኪም ያሳዩት።

ነጭ_ካልሲ
ወረቀት ካላችሁ አይቀር እኔም ንዴቴን ላውጣ። ፐርሺያን ነው ተብሎ ድመት ገዛሁ። ሻጩ «ወረቀቱ በሂደት ላይ ነው፣ ይመጣል» አለኝ። ዛሬ ነገ እያለ ቆየ፣ በኋላ ስልኩን ማንሳት ተወ። ድመቱን እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የምወደው፣ በሱ ቅር አይለኝም። የሚያናድደኝ ወረቀት አለ ብሎ ዋጋ የጨመረብኝ ነው።

መዝገብ_ገላጭ
በጣም ያሳዝናል እህቴ፣ የተለመደ ማታለያ ነው። ሌላው ሰው እንዲጠነቀቅ ልጻፈው። የዘር ሐረግ ወረቀት የሚሰጠው መዝገብ የያዘ ድርጅት ነው። ሲኤፍኤ እ.ኤ.አ. ከ1906 ጀምሮ፣ የእንግሊዙ ጂሲሲኤፍ ከ1910፣ ፊፌ ከ1949፣ ቲካ ከ1979 ጀምሮ ይመዘግባሉ። ወረቀቱ ላይ የእናትና የአባት የምዝገባ ቁጥር፣ የአርቢው ስም፣ የልደት ቀን ይኖራል። ድመቱ ማይክሮቺፕ (ከቆዳው ሥር የሚገባ ባለ ቁጥር መለያ) ካለው ቁጥሩ ከወረቀቱ ጋር መግጠም አለበት። ሐቀኛ አርቢ እናትየውን ያሳይሃል፣ የእናትየውን ወረቀት ያሳይሃል፣ የጤና ምርመራ ውጤትም አይደብቅም። «ወረቀት ሳይኖረው ንጹህ ነው» የሚባል ነገር በድመት ላይ የለም። ንጹህ ዝርያ ማለት በመዝገብ የተያዘ የትውልድ ሰንሰለት ማለት ነው፣ ሰንሰለቱ ከሌለ የቀረው መልክ ብቻ ነው።

የመዳፍ_ሐኪም
ነጭ ካልሲ፣ ወረቀቱ ይቅር፣ ድመቱ በመልኩ ጠፍጣፋ ፊት ያለው ፐርሺያን ከሆነ ግን ኩላሊቱን በአልትራሳውንድ አሳዪለት። ፒኬዲ የሚባል ኩላሊት ላይ ውኃ የሚቋጥር በሽታ በፐርሺያንና ከሱ ጋር በተዳቀሉ ላይ በብዛት ታይቷል፣ ከአንድ ወላጅ ብቻ ቢመጣም ይይዛል። ጂኑ እ.ኤ.አ. በ2004 ስለተለየ በጉንጭ ናሙናም ይታወቃል።

የዳማ_እናት
ስንት ነገር ተማርኩ! ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲህ አባቷ ቲክድ እንደነበር አወቅሁ፣ ከዚያ በላይ ማወቅ እንደማልችልም ገባኝ። በእውነት አልከፋኝም። የቀረኝ የጤናው ጥያቄ ነው። የአቢሲኒያን ዘር ይኑራት አይኑራት ሳላውቅ የነሱን በሽታ ማስመርመር አለብኝ?

ቤተ_ሙከራ
ጥሩ ጥያቄ። አቢሲኒያን ላይ በጂን ምርመራ በዋናነት የሚታዩት ሁለት ናቸው። አንደኛው ፒኬ እጥረት ይባላል፣ ቀይ የደም ሴል ቶሎ እየፈረሰ ደም ማነስ ያመጣል። ሁለተኛው ደግሞ፣ ዓይንን ቀስ በቀስ የሚያጠፋ የሬቲና በሽታ ነው። ሁለቱም ከእናትም ከአባትም ካልመጡ አይታዩም። አባቷ እንኳ አቢሲኒያን ቢሆን፣ ቢይዘውም፣ እናቷ ካልያዘች ዳማ ተሸካሚ ትሆናለች እንጂ አትታመምም። ፒኬ እጥረት ዝርያ በሌላቸው ድመቶችም ላይ ይገኛል፣ ስለዚህ ለመመርመር ዘሯን ማወቅ አያስፈልግሽም። ገንዘብሽን የምታወጪ ከሆነ ዝርያ ከሚገምተው ምርመራ ይልቅ የበሽታ ጂኖቹን ለሚያየው አውጪ። የሱ መልስ አለ ወይም የለም ነው፣ ግምት የለበትም።

ናሙናውን ከመብላቷ በፊት ውሰጂ፣ ከሌላ ድመት ጋር ከምትላላስ ደግሞ ለጥቂት ጊዜ ለያቸው። የሌላው ዲኤንኤ ይቀላቀላል።

የመዳፍ_ሐኪም
እኔ ከሁሉም በፊት የደም ዓይነቷን አስለዪ እላለሁ። ድመት ኤ፣ ቢ እና አልፎ አልፎ ኤቢ የሚባል የደም ዓይነት አለው። ሲያሚዝ ሁሉም ማለት ይቻላል ኤ ነው፣ ብሪቲሽ ሾርትሄርና ዴቨን ሬክስ ላይ ቢ በርከት ይላል። ቢ የሆነ ድመት በመጀመሪያው ጊዜ እንኳ ኤ ደም ቢሰጠው ሊሞት ይችላል። ምርመራው ቀላል ነው፣ ውጤቱ ካርዷ ላይ ተጽፎ ይቀመጥ። አደጋ ሲመጣ የሚያድናት እሱ ነው። ድድዋን ደግሞ አልፎ አልፎ ገልጠሽ እይ፣ ሮዝ መሆን አለበት። ከነጣ ወይም ቢጫ ከሆነ ሳትውዪ ሳታድሪ አምጫት።

ካልተኮላሸችም አስኮላሻት።

የዳማ_እናት
ተኮላሽታለች ዶክተር። ድድዋንም አሁኑኑ አየሁ፣ ሮዝ ነው፣ ደስ አላት ባልልም። የመጨረሻ ጥያቄ፤ ካርዷ ላይ «ዝርያ» የሚል ባዶ ቦታ አለ። ምን ብዬ ላጽፍ? እስካሁን ባዶ ነው የተውኩት።

የመዳፍ_ሐኪም
«አጭር ጸጉር የቤት ድመት» ተብሎ ይጻፍ፣ ቀለም በሚለው ላይ ደግሞ «ቲክድ ታቢ፣ እግርና ጅራት ላይ ቀለበት»። ብትጠፋ ፈልጎ የሚያገኛት ሰው የሚለያት በዚህ ነው። የቺፕ ቁጥሯንም ከሥሩ አስጽፊ።